ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ማሻሻያ የሚበቃ ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ

ከባንክ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎቱን ጨርሶ የወጣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዝቶ ማሻሻል በለንደን ለሚኖር ቤተሰብ ብልህነት ያለበት ወጪ ነው። ማሽኑ በመሠረቱ ደኅና ነው፤ የሚጎድለው ተጨማሪ ሜሞሪ፣ ፈጣን ዲስክና አዲስ ግራፊክስ ካርድ ነው። ልጅቷ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ብትሆን፣ ወይም አባት ማታ ማታ ለዩቲዩብ የሚሆን የአማርኛ ዝግጅት የሚያቀናብር ቢሆን፣ የግራፊክስ ካርዱ ነገር ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ ካርዱ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ኮምፒውተሩም ይበራል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ሥራው በተጧጧፈበት ሰዓት ስክሪኑ በድንገት ይጨልማል፤ ማሽኑም ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል። ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው፤ ቀጥሎ ዊንዶውስን፤ ከዚያም ካርዱን የሸጠለትን ሰው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከኬዙ ጥግ ከተሸጎጠው የብረት ሳጥን፣ ከፓወር ሰፕላዩ ነው።

በአገራችን መላውን ኬዝ «ሲፒዩ» ብሎ መጥራት የተለመደ ስለሆነ፣ በውስጡ ያሉት ክፍሎች ለየብቻ የሚታሰቡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚረሳው ነው፤ ፍጥነት አይጨምርም፣ ምስል አያሳምርም። ነገር ግን ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣውን 230 ቮልት በቀጥታ የሚቀበለው ክፍል እርሱ ብቻ ነው። ደካማ ከሆነ ሥራ ያቋርጣል፤ መጥፎ ከሆነ ሲሞት ማዘርቦርዱን፣ ካርዱንና ፋይል የተከማቸበትን ዲስክ ይዞ ሊሞት ይችላል፤ እጅግ ሲከፋ ደግሞ እሳት ያስነሣል። የመቶ ፓውንድ ዕቃ የሺህ ፓውንድ ንብረት ይጠብቃል ወይም ያጠፋል ማለት ነው።

ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የለንደንን የኤሌክትሪክ ታሪክ በጥቂቱ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1831 ማይክል ፋራዳይ በአልበማርል ጎዳና በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎችን ጠምጥሞ፣ በአንደኛው ጥቅል የሚያልፈው ኮረንቲ በተለወጠ ቁጥር በሁለተኛው ጥቅል ኮረንቲ እንደሚነሣ አሳየ። ዛሬ ትራንስፎርመር የምንለው ዕቃ ሁሉ የዚያ ቀለበት ዘር ነው። በ1882 የቶማስ ኤዲሰን ሰዎች በሆልበርን ቫያዳክት በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማመንጫ ተከሉ፤ ያሠራጩትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ዲሲ በ110 ቮልት ነበር። በዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ኃይልን ሩቅ መላክ አይቻልም፤ በመንገድ ላይ ሽቦውን እያሞቀ ይባክናል። ሴባስቲያን ደ ፌራንቲ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በቴምዝ ወንዝ ዳር በዴትፎርድ ያቆመው ጣቢያ ግን በ1891 አቅጣጫውን ዘወትር የሚለዋውጠውን ኤሲ በ10,000 ቮልት ወደ መሐል ከተማ መላክ ቻለ። ኤሲን በትራንስፎርመር ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀላል በመሆኑ ክርክሩን አሸነፈ። ስለዚህም ዛሬ በለንደንም በአዲስ አበባም ከግድግዳችን የሚወጣው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሲ ነው።

ኮምፒውተር ግን እስከ ዛሬ የኤዲሰን ወገን ነው። ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ ግራፊክስ ካርዱም የሚኖሩት በዲሲ ብቻ ነው፤ ያውም በዝቅተኛ ቮልቴጅ። ሁለቱ የተጣሉ ሥርዓቶች የሚታረቁት በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ኤሲውን ወደ ዲሲ ይለውጠዋል፤ በዚህ ደረጃ በትልቁ ካፓሲተር ውስጥ የሚከማቸው ቮልቴጅ በዘመናዊ ሳጥኖች 400 ቮልት ይጠጋል። ከዚያ ይህን ዲሲ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ እንደገና ወደ ተለዋዋጭ መልክ ያመጣውና በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ምሥጢር አለ። የፋራዳይ ቀለበት መጠን የሚወሰነው በመመላለሱ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ ለሚመላለስ ኤሲ ይህን ያህል ዋት የሚያሳልፍ ትራንስፎርመር በአንድ እጅ ለማንሣት የሚከብድ ብረት ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ በሺህ እጥፍ ሲጨምር ግን ከሎሚ የማይበልጥ ጥቅል ይበቃል። በመጨረሻ የሚወጣው 12 ቮልት ዲሲ ነው፤ ከዚያም 5 ቮልትና 3.3 ቮልት ይፈልቃሉ።

ለምርጫችን ዋናው ቁም ነገር ይህ 12 ቮልት ነው። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን መለኪያ ባወጣበት ዘመን ከኃይሉ ብዙው የሚሄደው ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት መስመሮች ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተገልብጧል፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ኃይላቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚወስዱት ከ12 ቮልቱ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን «500 ዋት» አይመኑ። በጎኑ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ይፈልጉና በ12 ቮልት ረድፍ ያለውን አምፔር ያንብቡ። ዋት ማለት ቮልት በአምፔር ተባዝቶ ነው። 12 ቮልት በ25 አምፔር የሚል ሳጥን የሚሰጠው 300 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው 200 ዋት ማንም በማይጠይቀው በ5 እና በ3.3 ቮልት ረድፍ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን ያደልባል። ደኅና የሆነ 650 ዋት ሳጥን ግን በ12 ቮልት ረድፉ 54 አምፔር ይጽፋል፤ ይህም 648 ዋት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ቢሆንም፣ ርካሹ ሳጥን ለምን ርካሽ እንደሆነ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገለጣል። ሠንጠረዥ ጭራሹን የሌለው ሳጥን ቢያጋጥም እዚያው መተው ነው።

ቀጥሎ ያለው ሒሳቡ ነው። እንበልና ማሽኑ ኢንቴል ኮር አይ5-12400 የተባለውን ፕሮሰሰር የያዘ ነው። ይህ ፕሮሰሰር በመደበኛ መለኪያው 65 ዋት ተብሎ ቢጻፍም፣ አምራቹ ራሱ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሮጥ እስከ 117 ዋት እንደሚወስድ አስታውቋል። የምንይዘው ትልቁን ቁጥር ነው። አዲሱ ካርድ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4070 ይሁን፤ 200 ዋት ነው። ለማዘርቦርዱ፣ ለሜሞሪው፣ ለዲስኮቹ፣ ለአየር ማራገቢያዎቹና በዩኤስቢ ለሚሰኩት ነገሮች 60 ዋት እንጨምር። ድምሩ 377 ዋት ሆነ። የካርዱ አምራች ግን 650 ዋት ሳጥን ይጠይቃል። ልዩነቱ ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት አምራቹ የገዢውን ፕሮሰሰር አለማወቁ ነው፤ ከ13ኛው ትውልድ ኮር አይ7-13700ኬ እስከ 253 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ አምራቹም ለእርሱ ጭምር ማሰብ አለበት። ሁለተኛው ምክንያት የገዢው ሳጥን ጥራት አለመታወቁ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን እውነተኛ ፊዚክስ ነው፤ በብዙ የመሸጫ ገጾችም አይነገርም። ካርዱ ላይ የተጻፈው 200 ዋት አማካይ ነው። ዘመናዊ ግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ሥራ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚለዋወጥ፣ ከሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአማካዩ እጅግ የሚበልጥ ኮረንቲ በቅጽበት ይጠይቃል። በቤት ያለ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ይህን አያየውም፤ ሳጥኑ ግን ያየዋል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው መከላከያ ከልክ ያለፈ ጭነት የመጣ መስሎት መስመሩን ይቆርጣል፤ ባለቤቱ የሚያየውም የስክሪኑን መጨለም ብቻ ነው። ከ2020 ወዲህ የወጡት ታላላቅ ካርዶች ይህን ችግር በማባባሳቸው ኢንቴል በ2022 ኤቲኤክስ 3.0 የተባለውን የታደሰ መለኪያ አወጣ፤ በዚህም ለአዲሶቹ ካርዶች የተሠራ ሳጥን ከተጻፈበት አቅም 200 በመቶ የሚደርስ ጭነት ለ100 ማይክሮሰከንድ መቻል እንዲኖርበት ደነገገ። አዲስ የሚገዛ ሰው ኤቲኤክስ 3.0 ወይም 3.1 የሚለውን ቢፈልግ ለዚህ ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ድምሩን አስልተው 40 በመቶ ይጨምሩበት፤ ከዚያ በገበያ ላይ ካለው ቀጣዩን መጠን ይውሰዱ። ለላይኛው ምሳሌ 377 ወደ 528 ያድጋል፤ ጥሩ ስም ያለው 550 ዋት ሳጥን ይበቃል፣ 650 ዋት ደግሞ ልብን ያሳርፋል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ እኔ 650 ዋቱን እመርጣለሁ፤ ሳጥኑ በግማሽ አቅሙ ገደማ ሲሠራ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። በሌላ በኩል «ለማንኛውም ይሁን» ብሎ 1000 ዋት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የ1000 ዋት ሳጥን 1000 ዋት ኤሌክትሪክ ይበላል የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። ጣሪያ ላይ ትልቅ ሮቶ መትከል የቤተሰቡን የውኃ ጥም አይጨምርም፤ ሳጥኑም የሚሰጠው የተጠየቀውን ያህል ነው።

ስለ ብቃት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በማሸጊያው ላይ ብሮንዝ፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም የሚሉ ምልክቶች የሚታዩት በ2004 ከተጀመረው ኤይቲ ፕላስ ከተባለው የምስክር ወረቀት ነው። ምልክቱ የሚናገረው ከግድግዳ ከገባው ኃይል ስንት እጁ ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስ፣ ስንት እጁ በሙቀት እንደሚባክን ነው። በአሜሪካው 115 ቮልት ሲለካ በግማሽ ጭነት ብሮንዝ 85 በመቶ፣ ጎልድ 90 በመቶ ያህል ማሳለፍ አለበት። ይህ በገንዘብ ምን ያህል ነው? ኮምፒውተሩ 300 ዋት የሚፈልግ ሥራ በቀን 4 ሰዓት የሚሠራ ቢሆን፣ 80 በመቶ የሚያሳልፍ አሮጌ ሳጥን ከግድግዳ 375 ዋት ይስባል፤ 90 በመቶ የሚያሳልፈው 333 ዋት ነው። በዓመት ልዩነቱ ወደ 61 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 25 ፔንስ ብንይዘው 15 ፓውንድ ያህል። ከብሮንዝ ወደ ጎልድ መሻገር በጥቂት ዓመታት ዋጋውን ይመልሳል፤ ከጎልድ በላይ ያለው ግን ለቤት ኮምፒውተር እምብዛም አያዋጣም። ደግሞ ይህ ምልክት የሚመዝነው ብቃትን ብቻ እንደሆነ መዘንጋት አይገባም፤ ስለ መከላከያዎቹና ስለ ውስጥ ዕቃው ዕድሜ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚያ ይበልጥ የሚመሰክረው የዋስትናው ዘመን ነው። 7 ወይም 10 ዓመት ዋስትና የሚሰጥ አምራች በሥራው የሚተማመን ነው።

አሁን ወደ ቢሮው ማሽን እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት እዚህ ነውና። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ 200 ወይም 260 ዋት አካባቢ የሚሰጥ፣ ቅርጹም መሰኪያውም ለዚያ ማሽን ብቻ የተሠራ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። በመደበኛው ማዘርቦርድ ላይ የምናውቀው ባለ 24 ፒን መሰኪያ በእነርሱ ላይ ላይኖር ይችላል፤ በምትኩ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የራሳቸው መሰኪያ ይገኛል። ስለዚህ ካርዱን ከመግዛት በፊት ኬዙን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። መደበኛው የኤቲኤክስ ሳጥን 150 ሚሊሜትር ስፋት፣ 86 ሚሊሜትር ከፍታና ቢያንስ 140 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኬዞች ይህን አያስገቡም። እንዲህ ያለ ማሽን ላለው ሰው የተሻለው መንገድ ሳጥኑን ሳይነካ፣ ተጨማሪ መሰኪያ የማይፈልግ ካርድ መምረጥ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ማስገቢያ ራሱ እስከ 75 ዋት መስጠት ይችላል፤ ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 በ70 ዋት የሚሠራ ነው። ለተማሪ ሥራና ለቀላል የቪዲዮ ቅንብር ይህ ብዙ ርቀት ይወስዳል።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ካርድ በተጨማሪ መሰኪያ ይመገባል። ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ያስተላልፋል። 200 ዋት የሚወስደው ካርድ ከማስገቢያው 75፣ ከአንድ ባለ 8 ፒን 150፣ በድምሩ 225 ዋት ያገኛልና ይበቃዋል። አሮጌው ሳጥን ይህ መሰኪያ ከሌለው ገበያው መላ አለኝ ይላል፤ የዲስክ መመገቢያ የሆነውን የሳታ መሰኪያ ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር ሽቦ በጥቂት ፓውንድ ይሸጣል። ይህን ሽቦ አትግዙ። የሳታ መሰኪያ ለ12 ቮልት ያለው ሦስት ቀጫጭን ፒን ነው፤ እያንዳንዱ የሚችለው 1.5 አምፔር፣ በጠቅላላው 54 ዋት ነው። በዚያ ላይ 150 ዋት ማስኬድ ፕላስቲኩን ማቅለጥ ነው። ሳጥኑ መሰኪያው የሌለው በቸልታ አይደለም፤ ያንን ጭነት እንደማይችል እየተናገረ ነው።

መቅለጥ ርካሽ ዕቃ ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል፣ በ2022 መጨረሻ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። 450 ዋት የሚወስደው አርቲኤክስ 4090 ገበያ ላይ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዲሱ ባለ 16 ፒን መሰኪያ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ዘንድ ቀለጠ። መሰኪያው እስከ 600 ዋት እንዲያሳልፍ የታሰበ ነው፤ 600 ዋት በ12 ቮልት 50 አምፔር ነው፤ ይህም በስድስት ፒኖች ሲከፈል ለእያንዳንዱ ከ8 አምፔር በላይ ይደርሳል። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ካልገባ አንዳንዱ ፒን በደንብ አይነካም፤ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ እነርሱም ይግላሉ። በ2023 የመለኪያው ባለቤቶች ንድፉን አሻሽለው፣ መሰኪያው በሚገባ ካልገባ ካርዱ ኃይል እንዳይስብ የሚያደርጉትን ትንንሽ ፒኖች አሳጠሩ። ለተጠቃሚው የሚቀረው ሽቦውን እስኪጠቅ ድረስ መግፋትና ከመሰኪያው ሥር ሳይርቅ አጥፎ አለማስጨነቅ ነው።

ሌላ አደጋ አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥሩ ዕቃ የገዛ ሰው ላይ የሚደርስ። በአንዳንድ ሳጥኖች ላይ ሽቦዎቹ ከሳጥኑ ይነቀላሉ። አዲሱን ሳጥን የገዛ ሰው አሮጌዎቹን ሽቦዎች ከኬዙ ማውጣት ታክቶት፣ በሳጥኑ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ ነቅሎ በአዲሱ ላይ ይሰካቸዋል። በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ጫፍ በመለኪያ የተወሰነ ነው፤ በሳጥኑ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደው የሚደረድረው ነው፤ አንዳንዴ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ አይገጥሙም። መሰኪያው ልክክ ብሎ ይገባል፤ 5 ቮልት መሄድ ባለበት ግን 12 ቮልት ይሄዳል፤ ዲስኩም በቅጽበት ይቃጠላል። አዲስ ሳጥን ከገዙ ሽቦውም የእርሱ ይሁን።

በለንደን የተገጣጠመ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ እዚሁ አይቀርም፤ ከዓመታት በኋላ በጓዝ ተጭኖ ለወንድም ወይም ለእኅት ወደ አገር ቤት ይላካል። በዋሽንግተን ያለ ዘመድ ወደ ለንደን የሚልከውም አለ። በእነዚህ ጉዞዎች ሳጥኑ ላይ መታየት ያለበት የመጀመሪያ ነገር በጀርባው ያለች ትንሽ ቀይ ማዞሪያ ናት፤ አሮጌ ሳጥኖች ላይ 115 ወይም 230 ትላለች። ከአሜሪካ በ115 ላይ እንደተቀመጠች መጥታ በለንደን 230 ወይም በአዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ብትሰካ ሳጥኑ በአንድ ጩኸትና በጭስ ይሰናበታል። ዘመናዊዎቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን በራሳቸው ስለሚለዩ ማዞሪያዋ የላቸውም፤ ይህም ለአገር ቤት ሌላ ጥቅም አለው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ሰፊ መቀበያ ያለው ሳጥን ሳይደናገር ሥራውን ይቀጥላል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚሆነው ግን ከዚህ ይለያል። ጥሩ ሳጥን በካፓሲተሩ ባከማቸው ኃይል ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ወደ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህ አንድ የኤሲ ምልልስ እንኳ አይሞላም። ይህች ጊዜ ዩፒኤስ እስኪተካ ድረስ ብቻ ታገለግላለች፤ ያለ ዩፒኤስ የሆነ ሰው ያላስቀመጠው ሥራ ይጠፋል። ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ደግሞ «650 ቪኤ» የሚለውን እንደ ዋት እንዳይቆጥር፤ የዋቱ ቁጥር ከ400 በታች ሊሆን ይችላል። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚከተለውን ከፍታ ለመከላከል ስታቢላይዘር መጠቀም በአዲስ አበባ የታወቀ ነው፤ ቀላሉ ዘዴ ግን መብራት ሲሄድ ስፒናውን መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው።

«ኮምፒውተሩን ስነካው ይነዝረኛል» የሚለውን አቤቱታ በአገር ቤት ያልሰማ ጥቂት ነው፤ በእንግሊዝ ግን እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱ ሳጥኑ ራሱ ነው። በመግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ጫጫታን የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከአንደኛው የኮረንቲ ሽቦ፣ ሌላው ከሁለተኛው፣ ሁለቱም ከሳጥኑ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። ብረቱ በመሬት ሽቦ ወደ ምድር ከተገናኘ በእነርሱ የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ በዚያው ይሄዳል። የመሬት ሽቦ ከሌለ ግን የኬዙ ብረት በሁለቱ መካከል ተንሳፍፎ ከግድግዳው ቮልቴጅ በግማሹ፣ በ110 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ኮረንቲው እጅግ ትንሽ ስለሆነ የሚሰማው መንዘር ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሳጥኑ ውስጥ እውነተኛ ብልሽት ቢደርስ የሚያድን መንገድ አለመኖሩን ይነግረናል። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የሆነው የእንግሊዝ ስፒና የመሬት ሽቦና ፊውዝ አለው፤ በአገር ቤት ባለ ሁለት ቀዳዳ ማስማሚያ ሲሰካ ሽቦው ይቋረጣል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚላከው ማስማሚያ ሳይሆን፣ የመሬት መነካካት ያለው ክብ ስፒና የተገጠመለት ገመድ ቢሆን ይሻላል፤ በሳጥኑ በኩል ያለው ጫፍ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ገመዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ቤቱ ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ መሆኑን ኤሌክትሪሺያን ያረጋግጥ።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ስጋቱ ከሶኬቱ ሳይሆን ከማራዘሚያው ነው። በጠባብ አፓርታማ አንድ ዲቫይደር ኮምፒውተሩን፣ ስክሪኑን፣ በክረምት የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን፣ እሑድ ደግሞ የቡናውን ምድጃ ይሸከማል። የእንግሊዝ ስፒና ትልቁ ፊውዝ 13 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 2,990 ዋት ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ከዚህ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ 2,000 ዋት ማሞቂያና 1,000 ዋት ምድጃ ግን ልኩን ሞልተው ያልፋሉ። ማሞቂያና ምድጃ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ።

አሮጌው ሳጥን በቁጥር የሚበቃ ቢሆንስ? ዕድሜውን ማየት ያስፈልጋል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ይደርቃሉ፤ በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደው ግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። በቢሮ ስምንት ዓመት ያለ ዕረፍት የሠራ ሳጥን የተጻፈበትን ያህል ላይሰጥ ይችላል። መድከሙን ለማወቅ ቀላሉ መሣሪያ በሶኬትና በስፒና መካከል የሚገባ የዋት መለኪያ ነው። መለኪያው ከግድግዳ የሚሳበውን ስለሚያሳይ፣ 320 ዋት ቢል በ88 በመቶ ብቃት ኮምፒውተሩ የሚያገኘው 282 ዋት ገደማ ነው። ማሽኑ በከባድ ሥራ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ በዊንዶውስ መዝገብም ቁጥር 41 የተባለው ምልክት በየጊዜው ከተገኘ ጥርጣሬው ይጠናከራል፤ ያ ምልክት ግን ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መቆሙን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ሌላ ሳጥን ተውሶ መሞከር ቁርጡን ይነግራል። ሳጥኑን ከፍቶ መጠገን ግን ለባለሙያ ብቻ ይተው፤ ከግድግዳ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ሰው ሊገድል የሚችል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ግዢውን በሚመለከት፣ በእንግሊዝ ሕግ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ ብልሹ ሆኖ ከተገኘ በ2015 የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል፤ በኢንተርኔት የተገዛውን ደግሞ ብልሽት ባይኖረውም ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ14 ቀን ውስጥ መተው ይፈቀዳል። ከግለሰብ የተገዛ ያገለገለ ሳጥን ይህ ጥበቃ የለውም። ስለዚህ ሜሞሪና ፕሮሰሰር ከሰው ቢገዛ አይከፋም፤ ፓወር ሰፕላይ ግን ከሱቅ፣ ከነደረሰኙ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ማሽኑን ሆን ብሎ ማስጨነቅ ይገባል፤ ረዘም ያለ ቪዲዮ አስቀናብሮ ለአንድ ሰዓት መተውና የዋት መለኪያውን፣ የማራገቢያውን ድምፅና ከሳጥኑ ጀርባ የሚወጣውን አየር መከታተል። የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወዲያው ነቅሎ ለሻጩ መመለስ ነው። አሮጌውን ሳጥን ወደ ቤት ቆሻሻ መጣያ መጨመር አይገባም፤ የየቦሮው የማዘጋጃ ቤት የቆሻሻ መለያ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ለብቻቸው ይቀበላል።